የፋሲካው ሚዛን

ጥር 13 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የነፍስ አባቴ ቄስ አካለ ወልድ ሰባ ሞልቶሃል ይለኛል፣ አልቀበለውም። አርሳለሁ። እህል እወቃለሁ። ዛፍ ላይ ወጥቼ ቀፎ አወርዳለሁ። ክር በመርፌ አስገብቼ የተቀደደ ልብሴን ራሴ እሰፋለሁ። ሚስቴ ወለተ ሥላሴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሊሞላ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ልብሴን ያጠበልኝ ሰው የለም። እንጀራውን ብቻ የእህቴ ልጅ ባንቺዓለም ታመጣለች። እሱን ይቺ አገር ለወንድ አልፈቀደችም።

ደብተሩን የሰጠኝ የልጄ ባል ይርሳው ነው፣ ሞጣ አስተማሪ ነው። ብቻዎን ከሚያወሩ ይጻፉት አለኝ። ዳዊት ደግሜ ከትምህርት የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ጽሕፈቴ ይንጋደዳል። ቢንጋደድ ማን ሊያነበው...

ዛሬ ጤፍ ወቃን። ውሃ ጠማኝ፣ የአውድማ አቧራ ጉሮሮ ያደርቃል። እንስራውን ከግማሽ በላይ እኔው ጨረስኩት። ጎረቤቴ አምባቸው፣ አያ ማናዬ ለበሬዎቹም ይተዉላቸው እንጂ ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ይሳቁ። በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ሥራዬን ሠርቻለሁ።

ማታ በቀበቶዬ ላይ በወስፌ ቀዳዳ በሳሁ። ሦስተኛው መሆኑ ነው። ቆዳው ተለጥጧል።

ጥር 23፣ ሞጣ

በእግሬ ልመጣ ነበር፣ የጭነት መኪና ተገኘ። እግሬ ከብዶኝ አይደለም። መኪናው ስለተገኘ ነው።

ፋንታነሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ልጄ ናት፣ እግዜር የተወልኝ አንድ እሷን ነው። ሳትስመኝ በፊት አንገቴን ያዘች። «አባዬ፣ የት ሄዱ?» አለች። ይኸው እዚህ ነኝ አልኳት። አለቀሰች። ሰው በቁሙ ይለቀስለታል?

ከምሳ በኋላ እየጎተተች ወልደ ኪዳን መጋዘን ወሰደችኝ። ማሬን በየዓመቱ የሚገዛኝ ነጋዴ ነው። ማርና ቡና የሚመዝንበት ትልቅ ሚዛን አለው፣ ሰውም ሊቆምበት ይችላል። አምና ለቀልድ ወጥቼበት ሰባ አንድ ኪሎ ነበርኩ። ዛሬ ሃምሳ ስድስት አለ። ወልደ ኪዳን ብረቱን ወዲያ ገፋው፣ ወዲህ ገፋው፣ ያው ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ አያ የቀረውን ለማን ሸጡት አለ። ሳቅሁ። ፋንታነሽን ሲያይ ግን እሱ ራሱ አፉን ያዘ።

ማታ ተጨቃጨቅን። ሞጣ ይግቡ ትለኛለች። ቤቱ ይዘጋ፣ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጥ። እኔ በልጅ ቤት ጥግ ተቀምጬ ውሃ አምጡልኝ ልል? የማልወርሰውን ደጃፍ ስጠብቅ ልዋል? ይርሳው መካከላችን ገባ። በስተመጨረሻ ቃል ተለዋወጥን። ለፋሲካ እዚሁ ሚዛን ላይ እወጣለሁ። ጨምሬ ከተገኘሁ ሁለተኛ ሞጣ የሚባል ነገር አታነሳብኝም። ቀንሼ ከተገኘሁ ቁልፉን አስረክቤ እገባለሁ። በጊዮርጊስ ማልኩላት።

ጥር 24

አሥራ አምስት ኪሎ የት ይሄዳል? ሳይወድቅ፣ ሳይሰረቅ፣ አንድ ቀን አልጋ ላይ ሳልውል... አንድ ሙክት እኮ ነው።

የካቲት 2፣ ቢቸና

ኮሶ ጠጣሁ። እንዲህ እየበላ የሚከሳ ሰው ሆዱ ውስጥ የሚቀማው አለ ማለት ነው። ባንቺዓለም ተቃወመች፣ ከጠጡ ገና ወርዎ ነው፣ ሰው በሁለት ወሩ ነው የሚጠጣው አለች። እጥፍ አድርገሽ ውቀጭው አልኳት። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ዋልኩ። አንጀቴ የሚወጣ መሰለኝ።

ትል የለም። አንዲት እንኳ የለችም።

ታዲያ የምበላውን ማነው የሚበላው?

የካቲት 5

ቅበላ። አምባቸው ቤት ተጠራሁ። ሰው በልቶ እጁን ሲታጠብ እኔ ገና ነበርኩ። የአምባቸው ሚስት ስሜነሽ ደግማ ጨመረችልኝ፣ ሌላም ስጠብቅ ዓይኗን ሰበረች። አምባቸው፣ ጅብም እንዲህ አይበላ፣ ጅብ ግን ይወፍራል አለ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቤቴ ስገባ እንደገና ራበኝ።

የካቲት 9

ጾሙ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የለም። ከዚያም ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ ሥጋ የለ። በሽሮ ማን ወፍሮ ያውቃል? ፋንታነሽ ቀጠሮውን ለፋሲካ ስታደርገው ተንኮሏ አሁን ነው የገባኝ።

ግን ማር አለ። ማር የጾም ነው። ቄስ አካለ ወልድን ጠየቅሁት፣ አዎ የጾም ነው አለኝ። በዚያው ሰውነቴን ከላይ እስከ ታች አየና፣ ለታመመ ይፈታል፣ ልፍታህ አለኝ። የነፍስ አባቴ ባይሆን መልስ ነበረኝ። ማን ታመመ? እርጅናም ያከሳል አለ ቀጥሎ፣ አሮጌ ሰው እየቀለለ ነው የሚሄድ። የት ነው የሚሄደው? አልጠየቅሁትም።

ለወልደ ኪዳን ያስቀመጥኩትን እንስራ ማር ከፈትኩ። ዘንድሮ አልሸጥም። ነጩን ማር፣ የአደዩን። ብርዝ በጠበጥኩና በትልቁ ዋንጫ ደጋገምኩ። አንጀቴ ራሰ። ጥሙንም ይቆርጠዋል ይሄ።

የካቲት 17

አልቆረጠውም። ብርዝ ስጠጣ ውሃ ያምረኛል፣ ውሃ ስጠጣ ብርዝ ያምረኛል። እንቅልፍ የለም፣ ስወጣ ስገባ ይነጋል።

ስሜነሽ አንድ ቅል ማር ላከችልኝ። ለአያ ማናዬ ማወፈሪያ ተብሎ። ባንቺዓለም ከባሏ ቤት አመጣች። ለፋንታነሽ የገባሁትን ቃል አገሩ ሁሉ ሰምቷል። መንገድ ላይ እንደ ሰንጋ ያገላብጡኛል፣ ትንሽ ፊትዎ ወጣ ይሉኛል። ውሸታቸውን ነው። ቢሆንም ከኔ ጋር ናቸው።

የካቲት 24

ጉንዳን።

ከጌሾው ሥር፣ ሽንቴን በምሸናበት። ጥቁር መስመር ሠርቶ ከአጥሩ ሥር ይመጣል። አመድ ነሰነስኩበት። አመዱን ዞሮ መጣ። ቦታ ቀየርኩ፣ ከእህል ጉድጓዱ ማዶ ሸናሁ። በማግስቱ እዚያም አገኘሁት።

ባንቺዓለም አየች። አማተበች። አማትባ ደግሞ እኔን አየችኝ። በዚህ ግቢ ተወልጄ አርጅቻለሁ፣ ጉንዳን ተከትሎኝ አያውቅም። ምን አገኘብኝ?

የካቲት 28

ቀለበቴ ጠፋ። የብር ቀለበት ነበር፣ የተክሊል ዕለት ወለተ ሥላሴ ያሰረችልኝ... ከዚያ ወዲህ ወጥቶ አያውቅም፣ በሳሙና እንኳ። የት እንደወለቀ አላውቅም። ገለባውን ሁሉ በእጄ በተንኩት። አምባቸው ሊያግዘኝ መጣ፣ ምን ጠፋብዎ ሲለኝ መርፌ አልኩት።

መጋቢት 4

ቀበቶውን ትቼ በገመድ ታጠቅሁ። ገመድ ቀዳዳ አይቆጠርበትም።

የደብተሩ መስመር ይደበዝዝብኛል። ቀለሙ ቀጥኖ ይሆናል። ክሩም መርፌው ውስጥ አልገባ አለኝ፣ ለባንቺዓለም ሰጠኋት። ዛሬ ብቻ።

መጋቢት 8

ዝናብ ጣለ፣ ብርድ ነበር። ምድጃው ዳር ተቀምጬ ሳለ የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ። ባንቺ፣ ምን ጣልሽ እሳቱ ውስጥ አልኳት። ዞር አለችና ጮኸች።

የኔ እግር ነው። ፍም ላይ ጭኜው ኖሯል። ከትንሿ ጣት ጀምሮ ጎኑ ተልጧል፣ ነጭ ሆኗል። አልተሰማኝም። አሁንም አይሰማኝም። ቆነጠጥኩት፣ የሌላ ሰው እግር የያዝኩ መሰለኝ።

ለባንቺዓለም፣ የባላገር እግር ነው፣ ጠንክሯል አልኳት። ማር ቀባሁትና በጨርቅ አሰርኩት። ለፋንታነሽ እንዳትነግሪ ብዬ አስማልኳት። በወላዲተ አምላክ።

መጋቢት 15

ባንቺዓለም ለፋንታነሽ አልነገረችም። ለድሬሰሩ ነገረች። መሐላው እሱን አይጨምርም አለችኝ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አብዶሽ ይባላል፣ ከሐረር ተመድቦ የመጣ እስላም ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ በር ላይ ጫማውን አወለቀ። እግሬን አጠበ፣ ከሞተው ቆዳ ጥቂት ቆረጠ፣ አሰረ። ስቆረጥም አልተሰማኝም፣ ኮራሁ። እሱ ግን አልተገረመም። ስለ እግሩ ትቶ ስለ ጥሙ ጠየቀኝ። ስለ መብላቱ፣ ስለ ሌሊቱ። የጉንዳኑን ነገር ባንቺዓለም ናት ያወጣችው። ቀና አለ።

ሽንት ይስጡኝ አለ። አፈርኩ፣ ሰጠሁት። በብልቃጥ ሰማያዊ መድኃኒት ይዞ ነበር፣ ጥቂት ጠብታ ጨምሮበት እሳት ላይ አፈላው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ። ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ እንደ ሸክላ ቀላ። ባንቺዓለም አስማት መሰላትና ወደ ኋላ ሸሸች። አብዶሽ ቀለሙን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየው። አስተያየቱን አልወደድኩትም።

«አባቴ፣ የስኳር በሽታ ነው» አለኝ። «ሰውነትዎ የበላውን መጠቀም አቅቶታል። ጣፋጩ በሽንት ያልፋል። ሰውነትዎ ደግሞ ሲርበው የራሱን ሥጋ ይበላል።»

ስኳር ቤቴ ገብቶ አያውቅም አልኩት፣ እውነቴን ነው። ማርስ? አለኝ። እንስራው ከኋላው ነበር።

ማር ይተዉ፣ ብርዝ ይተዉ፣ ጠላ ይተዉ አለ። ለበሽታው መርፌ አለ፣ ግን እሱ ጋ የለም፣ ደብረ ማርቆስ ነው። እዚያ ሄጄ ልጀምር፣ ከዚያ በየቀኑ። እስከ መቼ? ዕድሜ ልክዎን። ማነው በየቀኑ የሚወጋኝ? የቤት ሰው ይማራል፣ ልጅ ካለችዎት አለ። ለካ እሱም ወደ ሞጣ ነው የሚነዳኝ።

ሲወጣ ጫማውን እያጠለቀ፣ እግሩ ከጠቆረ አንድ ቀን እንኳ አይቆዩ አለኝ።

መጋቢት 18

ማር ተውኩ። ጉልበቴ ከዳኝ። ከመደብ ስነሳ ግድግዳ ይዤ ነው።

ልጁ መልካም ልጅ ነው። ግን የኔን ሰውነት ከኔ ይበልጥ ያውቀዋል? ማር አባቴን አርጅቶ የልጅ ልጁን እስኪያይ አድርሶታል። ንብ ከአበባ ቀስማ ያመጣችው ነገር ሰው ይገድላል? ደግሞስ ሥጋዬን የሚበላብኝ ራሴው ከሆንኩ፣ የሚበላውን ነገር ልስጠው እንጂ ለምን አስርበዋለሁ...

ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ። ሚዛኑ ላይ ወጥቼ፣ ቤቴን አስከብሬ። ያኔ ደብረ ማርቆስም ልሂድ፣ ይውጉኝ።

ማታ ብርዝ ጠጣሁ።

መጋቢት 23

ጠዋት ስወጣ ማሳዬ ላይ ሰው ሲያርስ አየሁ። አምባቸው ነው፣ በራሱ በሬዎች። ማን አዘዘህ ልለው ሄድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ። ከተቀመጥኩ በኋላ መነሳት አቃተኝ። አምባቸው አየኝ። አይቶ እንዳላየ ሆነ፣ በሬውን በስሙ እየጠራ ጮክ ብሎ ይነዳ ጀመር። እስከ ቀትር አረሰ፣ እስከ ቀትር ተቀመጥኩ።

ደግ አደረገ አልልም። ተዋረድኩ።

መጋቢት 29

ስቅለት። በየዓመቱ በስግደት የሚቀድመኝ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ሰግጄ ስነሳ ጨለመብኝ። ቄስ አካለ ወልድ ደግፎ ከአሮጊቶቹ ጋር ግድግዳ ሥር አስቀመጠኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለቴ ራሴን ገረመኝ።

ከጎኔ ያለችው አሮጊት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ያዘች። ቀስ ብላ ፈቀቅ አለች። ከዚያ ወዲያኛዋም ፈቀቅ አለች። ዕጣኑ መስሎኝ ነበር...

ቤት ገብቼ ጨርቁን ፈታሁ። ትንሿ ጣት ጠቁራለች። አጠገቧ ያለችውም።

አንድ ቀን አይቆዩ ነበር ያለው።

ሚያዝያ 1

ፋሲካ። ባንቺዓለም ዶሮ ሠርታ አመጣች። አልበላ አለኝ። ይህን ሁሉ ወር ስበላ ከርሜ፣ ዛሬ በሚበላበት ቀን ሽታው አስጠላኝ። ሆዴን ያቅለሸልሸኛል፣ ትንፋሼ ያጥረኛል።

ከሣጥን ዝናሬን አወጣሁ። ጥይቱ ሙሉ ነው፣ ከባድ ነው። በላዩ በርኖሴን እደርባለሁ። ማጭበርበር ነው? ሽማግሌ ለበዓል ታጥቆ ልጁን ቢጠይቅ ወግ ነው።

ሚያዝያ 3፣ ሞጣ

ከመኪና ስወርድ ይርሳው ብብቴን ያዘኝ። አልገፋሁትም።

መጋዘኑ ሰው ሞልቷል። ተሸካሚዎቹ ሳይጠሩ ተነሥተው መንገድ ለቀቁልኝ። ዛሬ የቀለደ የለም። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ወልደ ኪዳን ብረቱን ገፋ፣ መለሰ፣ ገፋ። ዓይኔ ቢደክምም ብረቱ የት እንደቆመ አየሁ፣ ሃምሳ ሁለት ነው። እሱም በርኖሴን አየ። ዕድሜውን ሲመዝን የኖረ ሰው ነው፣ ከሥሩ ምን እንዳለ ገብቶታል።

«ሃምሳ ሰባት» አለ ወልደ ኪዳን፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

በየዓመቱ ማሬን ሲመዝን ቀንሶ ነው የሚናገረው። እኔን ሲመዝን ግን ጨመረልኝ። ይርሳው ተነፈሰ። አንድ ቃል ባልናገር ኖሮ ቤቴ ቤቴ ነበር። ግን... የኔ ውሸት የኔ ነው። የሰው ውሸት ምጽዋት ነው። እዚያው ላይ እንደቆምኩ በርኖሱን አወለቅሁ። ዝናሩን ፈትቼ መሬት ጣልኩት። እንደገና መዝን አልኩት።

አርባ ስድስት።

ፋንታነሽ ብረቱን አላየችም። ከገባሁ ጀምሮ እግሬን ነው ስታይ የነበረችው። መጥታ መሬት ተንበረከከች። «ሚዛኑን ይተዉት፣ አባዬ። እግርዎን ይስጡኝ» አለች። ጨርቁን ስትፈታ ተሸካሚዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። እሷ ፊቷን አላዞረችም። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

የቤቱን ቁልፍ ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት። ምያለሁና።

ሚያዝያ 7፣ ደጀን፣ ማደሪያ ቤት

ከታች ከዓባይ የሚወጡት መኪኖች ሲያቃስቱ ይሰማል። ነገ ጠዋት በሉማሜ አልፈን ደብረ ማርቆስ እንገባለን። ፋንታነሽ ውሃ አጠጣችኝ፣ ኩባያውን እሷው ይዛ። ጠጣሁ። ፊደሉ አይታየኝም፣ በግምት ነው የምጽፈው። መስመር በመስመር ላይ ወጥቶ ይሆናል።

የሞጣው ሐኪም ለይርሳው ነው የነገረው፣ እኔ ጎኑ ተኝቼ። እግሩ ከጉልበት በታች አይተርፍም አለ። ቶሎ ከደረሰ ነፍሱ ትተርፍ ይሆናል አለ። ይሆናል... ለኔ አለመንገሩን ሳስበው፣ እንደ ዕቃ ሆኛለሁ ማለት ነው።

ዛሬ ቢቸና ላይ መኪናው ጥቂት ቆመ። አላወረዱኝም፣ ልውረድም አላልኩም። አምባቸው በሬዎቹን መንገድ ዳር አቁሞ ወደ መስኮቱ መጣ፣ እጁ አፈር ነው። ማሳውን ደግሜ አረስኩት አለኝ። እግዜር ይስጥህ ልለው አፌ አልፈታ አለ። እሱም ገባው።

«ጽድቅ መሰለዎት እንዴ?» አለኝ። «ወንፈል ነው። ተመልሰው በተራዎ ያርሱልኛል።»

ቀልዱን መስሎኝ ነበር። ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዞረ፣ ቶሎም አልመለሰው።

ወንፈል ከሆነ ዕዳ ነው። ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። እንግዲህ ያለብኝን ልጻፍ፣ ኋላ ፋንታነሽን ክፈይ እንዳይሏት።

ለባንቺዓለም፣ ያስማልኳትን መሐላ ማስፈታት። ቄስ አካለ ወልድ ፊት ይዣት ሄጄ፣ ራሴ።

ለአብዶሽ፣ አንድ ቃል አለብኝ። ሰው አልክበትም። ጤና ጣቢያው ድረስ ሄጄ፣ ራሴ።

ለወልደ ኪዳን፣ በሠራተኞቹ ፊት ላሳፈርኩት ይቅርታ። ይሄም ቆሞ የሚባል ነው።

ለወለተ ሥላሴ፣ የሰባት ዓመቷ ተዝካር። ጠላውን ይጥመቁት፣ ዳሱን እኔ እጥላለሁ።

ለአምባቸው፣ ሁለት ቀን እርሻ። በሬ ብቻ ልኬ አይደለም፣ ሰው ቀጥሬም አይደለም። ሰኔ ሳይገባ። እርፉን ይዤ፣ ራሴ።